ልጅ ኮርኔት ሲይዝ አባት ሶፋ ይሸከማል

ኦስሎ ውስጥ ልጁን ለትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ የሚያስመዘግብ ወላጅ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ። ልጁ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይለማመዳል፤ ወላጁ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ገብቷል። እኔ ትሪክ ነጂ ነኝ። (ትሪክ የከተማው ትራም ነው፤ እዚህ የሚኖር ሐበሻ በሌላ ስም ሲጠራው አልሰማሁም።) ፈረቃዬ ዛሬ ሌሊት፣ ነገ ቀን፣ ቅዳሜ እሑድ የማይል ነው። ልጄ ኮርኔት መንፋት ከጀመረች ወዲህ ያችው የተረፈችኝ የዕረፍት ቀንም የኮርፕስ ሆናለች። አላማረርኩም። ሰፈሬ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሬ ከላይ ቤት ማን እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ጎረቤቶቼን በስም ያወቅኋቸው ሶፋ አብሬያቸው ስሸከም ነው።

ኮርፕስ የምንለው ማርሽ ባንዱን ነው። ስሙም ልብሱም ከወታደር ቤት የመጣ ነው፤ ባለቁልፍ ኮት፣ ላባ የተሰካበት ኮፍያ፣ በረድፍ መራመድ፣ በከበሮ ምት እግር ማስተካከል። መሣሪያ ሲባል ግን የሚነፋና የሚመታ ብቻ ነው፤ ጠመንጃ የለም። (በርገን ከተማ ውስጥ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእንጨት ጠመንጃ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ የሚሰለፉ የልጆች ጓዶች አሉ። እሱ የበርገኖች ጉዳይ ነው፤ ኦስሎዎች ሲነሣባቸው ፈገግ ይላሉ።) የአገሪቱ የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ባንድ የተቋቋመው እዚሁ ኦስሎ፣ ያኔ ክርስቲያንያ ትባል በነበረችው ከተማ፣ ሞለርጋታ ትምህርት ቤት በ1901 ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መጀመሪያ የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶች ልጆች በሰፊው የገቡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ዛሬ በ1918 የተመሠረተው የባንዶቹ ማኅበር የአዋቂዎቹን ጨምሮ ከ1500 በላይ ባንዶችን ያቀፈ ነው። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ብዙ ነው።

መሣሪያውን የሚያውሰው ኮርፕሱ ነው። የልጄ ኮርኔት የመጣው ጠርዙ በተላጠ ጥቁር ሣጥን ነበር፤ ክዳኑ ውስጥ በተለጠፈ ፕላስተር ላይ ከእሷ በፊት የነፉት ልጆች ስም በየዓይነቱ እስክሪብቶ ተጽፏል። የመጨረሻውን ስም ሳየው የዳቦ ቤቱ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ነው። የአባልነት መዋጮ አለ፤ ግን የባንድ መሪው ደመወዝ፣ የየመሣሪያው አስተማሪ ክፍያ፣ ጥገናው፣ የጉዞው አውቶቡስ በእሱ ብቻ አይሸፈንም። የቀረው ከሎፐማርከድ ይመጣል።

ሎፐማርከድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ጸደይ ላይ አንዴ፣ ክረምት ሳይገባ አንዴ፣ ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቆማል። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ማታ ማታ የሰፈሩ ሰው የማይፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ የአያቱን ሳህን፣ የሱፍ ሹራብ፣ መጽሐፍ፣ መብራት፣ ብስክሌት፣ ሶፋ። ፒያኖ ብቻ በር ላይ ይመለሳል፤ በነፃም የሚወስደው አይገኝምና። የመማሪያ ክፍሎቹ ወንበር ተነሥቶ አንዱ የመጻሕፍት፣ አንዱ የመጫወቻ፣ አንዱ የልብስ ይሆናል። እያንዳንዱም ጌታ አለው። የሸክላ ዕቃውን ክፍል የያዙት ባልቴቶች ልጆቻቸው ከኮርፕስ ከወጡ ዘመን የለውም፤ እነሱ ግን አልወጡም። ሳህኑን ገልበጥ አድርገው ከሥሩ መልሕቅ ካዩ ከ1885 ጀምሮ የሚሠራው የፖሽግሩን ፋብሪካ ነው ማለት ነውና ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩታል። እዚያ ክፍል ሳይጠሩ መግባት ድፍረት ነው።

እኔ መጀመሪያ የተመደብኩት ጫማ ላይ ነበር። ከክምሩ ግራውን ከቀኙ ፈልጎ ማጣመር፣ ማሰሪያውን እርስ በርስ ማሰር፣ ጥንዱ የጠፋውን ወደ መጣያ መወርወር። ራስ ምታቱ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ነው። የድሮው ዓይነት አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ከሥሩ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ የአሁኖቹ ጣት ሥር ቀጭን የብረት ዘንግ አላቸው። አንዱ ለሌላው መንሸራተቻ አይገጥምም። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው ለልጁ በርካሽ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ አልገባ ሲለው ማየት ስለማልወድ፣ የሰፈራችንን ሶማሌና ኤርትራዊ እናቶች ጫማውን ገልብጬ እያሳየሁ አስተምሬያለሁ። ይህን ለእኔ ያሳየኝ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር።

ዋጋ ላይ ግን መርካቶ ያደገ ሰው ይለያል። ኖርዌጂያኑ ወላጅ ዋጋ ሲጠይቁት ይቅለሰለሳል፤ ገና ሳይከራከሩት ግማሹን ይቀንሳል። በሩ ሳይከፈት የሚሰለፉት ደግሞ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነጋዴዎች ናቸው። እነሱን የምለየው የሚፈልጉትን ዕቃ ሲያነሡ ፊታቸው ላይ ምንም ስለማይነበብ ነው፤ የማይፈልጉትን ግን አገላብጠው ያደንቃሉ። አንዱ ነጋዴ ከእኔ ጋር ለአንድ ጥንድ የቆዳ ቦት ሲከራከር ቆይቶ በመጨረሻ ሳቅ አመለጠውና የጠራሁትን ከፈለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤት ዕቃው ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፤ ሶፋውም እዚያ ነው። ክፍያው በስልክ፣ በቪፕስ ነው። ካፌው ውስጥ ዋፍል ከቡናማ አይብ ጋር ይሸጣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ይወድቃል፤ ከረጢት ሙሉ ልብስ በአንድ ዋጋ፣ የሞላህን ያህል። ከዚያ የተረፈውን መለየት፣ መጥረግ፣ ወንበሩን ሁሉ ወደ ቦታው መመለስ አለ፤ ሰኞ ጧት ልጆቹ ሲገቡ ክፍሉ ክፍል መሆን አለበት።

ያለ ክፍያ የሚሠራ እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ ዱግናድ ይባላል። በደቦ ያጨደ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ጠላው ብቻ የለም፤ ቡናውም በቴርሞስ ነው።

ሌላም ሌላም ገቢ አለ። ሶፍት በጅምላ ገዝቶ ለጎረቤት መሸጥ የኮርፕስ ወላጅ ዕጣ ፈንታ ነው፤ ምድር ቤቴ በሶፍት እስከ ጣራው ሞልቶ ያውቃል። የተሻለው መንገድ የመንግሥቱ ሎተሪ ነው። ከ2009 ጀምሮ ሎቶ የሚቆርጥ ሰው አንድ የሰፈር ማኅበር ከመረጠ ከውርርዱ 7 በመቶ ለማኅበሩ ይገባል፤ ሲጀመር 5 በመቶ ነበር። ከቆራጩ ዕጣ ምንም አይቀነስም። እኔ ሎቶ አልቆርጥም፤ የሚቆርጡ የሥራ ባልደረቦቼን ግን አንድ በአንድ አሳምኛለሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ቅዝቃዜው ይመጣል። የሰፈሩ የገና ዛፍ መብራት ሲበራ ኮርፕሱ ውጭ ቆሞ ይነፋል። ከዜሮ በታች ሲሆን የትንፋሹ እርጥበት ቱቦው ውስጥ ይረጋና የኮርኔቱ ፒስተን ተጭኖ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ልጆቹ መሣሪያውን ጃኬታቸው ውስጥ ከተው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ይይዙታል፤ ጓንታቸው ጣቱ የተቆረጠ ነው። የእንጨት ክላርኔት ሊሰነጠቅ ስለሚችል የፕላስቲኩ ይወጣል። ሦስት አጫጭር ዜማ ነፍተው ይሮጣሉ።

ዓመታዊው ስብሰባ ላይ የሒሳብ ሪፖርት ይነበባል፤ ከዚያ አስመራጭ ኮሚቴው ሰው መፈለግ ሲጀምር ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ቀና አልኩና ዩኒፎርም ያዥ ሆኜ ወጣሁ። ዩኒፎርም ያዥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ልጆች በክረምት ያድጋሉ። ባለፈው ዓመት ልክ የነበረው ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ስፌቱን ፈትቶ ማውረድ፣ የማይወርደውን ለታናሹ ማስተላለፍ፣ የጠፋ ወርቃማ ቁልፍ ከአሮጌ ኮት ነቅሎ መትከል። መርፌና ክር መያዝ የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው።

ጸደይ ላይ ደግሞ ልጆቹ ዓርብ ማታ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ እሑድ የሚለማመዱበት ሴሚናር አለ። የሚያድሩት ክፍል ውስጥ፣ ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው ነው። ልጆች በሚያድሩበት ትምህርት ቤት እሳት ቢነሣ የሚቀሰቅሳቸው ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል፤ ሌሊት የለመደ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። (ለዚህ ሥራ ከፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማንም ወላጅ አይቀየምበትም።) ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጫፍ ቁጭ ብዬ የከበሮ መቺዎቹ ክፍል ዝም እስኪል እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚተኙት ከበሮ መቺዎች ናቸው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል የወጥ ቤቱን ተረኛ አስቀድሜ አነጋግሬ ለልጄና ለሁለት ጓደኞቿ ምስር ወጥ ይዤ እገባለሁ፤ ባለፈው ጊዜ ድስቱን የጨረሱት ግን ጾመኞቹ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ ወደ ሜይ 17 ነው የሚፈሰው። ድሮ ለእኔ ይህ ቀን ትሪክ መሃል ከተማ የማያልፍበት፣ መስመር የሚቀየርበት ቀን ነበር። በዓሉ በ1814 ኤይድስቮል ላይ ሕገ መንግሥቱ የተፈረመበት ነው። ሌላው አገር እንዲህ ባለ ቀን ታንክ ያሰልፋል፤ ኦስሎ የምታሰልፈው ልጆቿን ነው። በ1870 በደራሲው ቢዮርንስቲርነ ቢዮርንሶን አነሣሽነት ወንዶች ልጆች ወጡ፤ ሴቶቹ በ1889 ተጨመሩ። የብሔራዊ መዝሙሩን ግጥም የጻፈውም እሱ ነው። ጀርመኖች በያዙበት ዘመን ሰልፉ ተከልክሎ ነበር፤ በግንቦት 1945 አገሪቱ ነፃ ከወጣች ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ወጣ።

ሰልፉ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ይነሣል። እኛ ግን ገና በማለዳ ሰፈር ውስጥ ነን፤ ባንዲራ ሲሰቀል ኮርፕሱ መንፋት አለበት። ከረጢቴ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ማጣበቂያ ቴፕ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የክላርኔት ምላስ፣ ውኃ አለ። ዩኒፎርሙ ሥር የሱፍ የውስጥ ልብስ ግዴታ ነው፤ በዚያ ቀን ፀሐይም ይወጣል፣ ዝናብም፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ኖታው ኮርኔቱ ላይ በተገጠመ ትንሽ መያዣ ተሰክቶ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲነሣ ገጹ ይገለበጥና ልጆቹ በቃል ይቀጥላሉ። ካርል ዮሃን ጎዳና ላይ ከፊትና ከኋላ የሚሄዱት ባንዶች ድምፅ ይቀላቀላል፤ የራስን ምት መጠበቅ የከበሮው ኃላፊነት ነው። ቤተ መንግሥቱ ፊት፣ ንጉሣዊው ቤተሰብ ከሰገነት እጅ በሚያውለበልብበት ቦታ፣ አንድ ባንድ የሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው። መሪያችን ለዚያች ጊዜ የሚሆነውን ማርሽ የሚመርጠው ከጥር ጀምሮ ነው። እኔ ከጎን እየተራመድኩ የማየው የሱሪዎቹን ጫፍ ነው፤ የትኛው ስፌት እንደለቀቀ።

ይህ ሰልፍ ለሁሉም እኩል የተከፈተ ሆኖ አልኖረም። በ1983 ብዙ የስደተኛ ልጆች በሚማሩበት በሳገነ ትምህርት ቤት ላይ የቦምብ ዛቻ ደረሰ፤ ልጆቹ ግን ተሰለፉ። በ1999 ፓኪስታን የተወለደችው ሩቢና ራና የኦስሎ የሜይ 17 ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና ስትመራ እሷም ዛቻ ደርሶባታል። ልጄ የኖርዌይን መዝሙር ስትነፋ «የሰው አገር መዝሙር» ብሎ የቀለደብኝ ወገን አለ። እኔም አርባ ልጆችን አስታወስኩት። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያገኟቸውን፣ ከእልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። ያሠለጠናቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ራስ ተፈሪ በ1930 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ የተሰማውን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም እሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ። አገራችን የያኔ መዝሙሯን የተቀበለችው ከስደተኛ እጅ ነው፤ ቀልደኛው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ወሬ ቀየረ።

ለማስመዝገብ የሚያስብ ካለ ጊዜው ትምህርት ሲከፈት፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው፤ ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ሁሉም ልጅ ትራምፔትና ሳክስፎን ይመርጣል፤ ቱባና ባሪቶን የሚነፋ ግን ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ልጁ ትልቅ መሣሪያ ካልፈራ በደስታ ይቀበሉታል። ወላጁ በዓመት ስንት ጊዜ ዱግናድ እንዳለበትና ፈረቃ ያለው ሰው ተራ መቀያየር ይችል እንደሆነ መጀመሪያውኑ ይጠይቅ። እሑድ ቅዳሴ ላለበት ቤተሰብ መላ አለ፤ እኛ ቤት ቅዳሜውን እኔ እይዛለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ለጽዳቱ ትደርሳለች።