«ድሃ መሆኔን ከጻፍኩ ይጥሉኛል?»

ከኢትዮጵያ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለማመልከት የሚያስብ ልጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ኤምአይቲ የሚባለው ማለቴ ነው፤ ሞክሼው የመቀሌው አይደለም። አባቱ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች፤ ይህን በፎርሙ ላይ ቢሞላ ገና ከበር የሚመልሱት ይመስለዋል።

አይመልሱትም። ኤምአይቲ ማንን እንደሚቀበል ሲወስን የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ከግምት አያስገባም፤ ይህም ለአሜሪካውያን ብቻ ሳይሆን ለውጭ አገር ዜጎችም ይሠራል። ከተቀበለው በኋላ ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን በሙሉ ይሸፍንለታል። ለጉብዝና ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም፤ እርዳታው የሚሰፈረው በችግሩ ልክ ብቻ ነው። 75 ዶላሩን የማመልከቻ ክፍያ እንኳ ማግኘት ያልቻለ ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ስጋቱ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንደ ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪ እርዳታ መጠየቁ በምርጫው ላይ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የየትምህርት ቤቱን ደንብ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሩ ጠባብ መሆኑን ማንም አይክድም። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ26,000 በላይ ሰው አመልክቶ የሚቀበሉት 1,300 ያህሉን ነው። ከውጭ አገር አመልካቾች መካከል ደግሞ የሚገቡት ከ100 ሁለት ገደማ ናቸው። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ግን ከውጭ አመልካች አይመደብም፤ በዲሲና በሲያትል ያሉ ወላጆች ይህን ልብ ቢሉት ደግ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ካመጣሁ ይወስዱኛል?» የሚለው ነው። እኛ ያደግነው አንድ ቁጥር ዕጣችንን በሚወስንበት ሥርዓት ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይመጣል፣ የመግቢያ ነጥብ ይቆረጣል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ኤምአይቲ የመቁረጫ ነጥብ የለውም። እንደ ኤስኤቲ ያለ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና መውሰድ በኮሮና ጊዜ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. እንደገና ግዴታ ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እዚያ የሚገባ ሁሉ፣ ኢኮኖሚክስ አጥናለሁ ቢልም፣ ሁለት ኮርስ ካልኩለስና ሁለት ኮርስ ፊዚክስ መውሰድ አለበት። ውጤቱ የሚያሳየው ተማሪው ያንን ትምህርት መሸከም መቻሉን ነው። ይችላል ከተባለ በኋላ የጥቂት ነጥብ ብልጫ ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚችሉት ካለው ቦታ እጅግ ይበዛሉና።

ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰውየው ነው። ማመልከቻው አንድ ረጅም ድርሰት ሳይሆን ከ200 ቃላት ብዙም የማይዘሉ አጫጭር ጽሑፎችን ይጠይቃል፤ ስላደግህበት አካባቢ፣ ከሰው ጋር ስለሠራኸው ሥራ፣ ደስ ስለሚልህ ብቻ ስለምታደርገው ነገር። ከትምህርት ውጭ ለሚሠሩ ነገሮች የተተወው ቦታ አራት ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ የሰርተፊኬት ክምር ያስጨነቀውን ልጅ ያሳርፋልና። ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ መጠበቅ፣ ታናናሾችን ማሳደግ፣ የሰፈሩን የተበላሸ ሬዲዮ መጠገን መጻፍ ያለባቸው ነገሮች ናቸው። የኢንስቲትዩቱ መሪ ቃል «አእምሮና እጅ» ነው፤ በእጁ የሚሠራ ልጅ እዚያ ይከበራል። በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪም የሚመዘነው ባለው ነገር ምን እንዳደረገበት ታይቶ ነው። አንድ ማመልከቻ «ይግባ» ከመባሉ በፊት ደርዘን ያህል ሰዎች ይከራከሩበታል።

በዚህ መካከል ነው ደላላው የሚመጣው። «ድርሰቱን እኔ እጽፍልሃለሁ፣ ሰው አለኝ» ይላል። ሰው የለውም። ኤምአይቲ የቀድሞ ተማሪ ልጅ ለሆነ እንኳ አያዳላም። የተገዛው ድርሰት ደግሞ ከመምህራኑ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች ጋር አይገጥምም፤ አንደኛው ደብዳቤ ከሒሳብ ወይም ከሳይንስ መምህር፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከማኅበራዊ ትምህርት መምህር ነውና ልጁን ከሁለት በኩል ያሳዩታል። ይልቅ ለነዚያ መምህራን ቀደም ብሎ መንገርና ጊዜ መስጠት ይበጃል።

«ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ማን ገብቶ ያውቃል?» ለሚል፣ የጀላኒ ኔልሰን ሥራ መልስ ይሆነዋል። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ እሱ ራሱ ኤምአይቲ ተምሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. አዲስኮደርን አቋቁሞ ለኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት ፕሮግራሚንግ በነፃ ማስተማር ጀመረ። ከነዚያ ልጆች መካከል ኤምአይቲም ሃርቫርድም የገቡ አሉ።

ማመልከቻ የሚያስገቡበት ጊዜ ሁለት ነው፤ የፈጠነ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ሌላው እስከ ጥር መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። በመጀመሪያው ካመለከቱት ብዙዎቹ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋሉ። መተላለፍ መውደቅ አይደለም፤ ማመልከቻው ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ይታያል። የመጨረሻው መልስ በአብዛኛው የሚወጣው ማርች 14 ቀን፣ በኤምአይቲ ሰዓትና በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከምሽቱ 6፡28 ነው። ቀኑ ፓይን፣ 3.14ን፣ ሰዓቱ የፓይን እጥፍ እንዲያስታውስ ተብሎ ነው የተመረጠው። በዚያ ሰዓት እኛ ጋ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከሌሊቱ 7፡28 ሆኗል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ አንድ ልጅ በጨለማው ውስጥ ስልኩን ይከፍታል።