የምግብ መፍጫ አካላትን ከውስጥ መመልከት፦ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ምንነት፣ የምስል ቴክኖሎጂው እድገትና ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

የሆድ ሕመም ያጋጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ ለሕመሙ ስም የሚሰጠው ራሱ ነው። ደረት ሥር የማቃጠል ስሜት ሲኖር «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ሰገራ ላይ ደም ሲታይ ደግሞ «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ግምቱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ምልክት በመድኃኒት በቀላሉ የሚድን የጨጓራ መቆጣት፣ የሚደማ ቁስለት ወይም ገና በመጀመር ላይ ያለ ካንሰር መገለጫ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሆድን ከውጭ በመዳሰስ ወይም በደም ምርመራ ብቻ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው የአካል ክፍሉን ከውስጥ በማየትና ናሙና በመውሰድ ሲሆን፣ ይህን የሚያስችለው ምርመራ ኢንዶስኮፒ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ምን እንደሆነ፣ የምስል ቴክኖሎጂው እንዴት እንደተሻሻለ፣ ምርመራው ለማን እንደሚያስፈልግ እንዲሁም ታካሚው ከምርመራው በፊትና በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ያብራራል።

ኢንዶስኮፒ ምንድን ነው?

ኢንዶስኮፕ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ቀጭን ቱቦ ነው። ካሜራው የሚያየው ምስል በስክሪን ላይ ይታያል። በቱቦው ውስጥ ትናንሽ መሣሪያዎች የሚያልፉበት መስመር ስላለ ሐኪሙ ናሙና መውሰድ፣ የሚደማን ቦታ ማቆም ወይም በአንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለን ትርፍ ሥጋ (ፖሊፕ) ማስወገድ ይችላል።

ምርመራው በሚታየው የአካል ክፍል መሠረት የተለያየ ስም አለው። በአፍ ገብቶ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ የሚያሳየው የላይኛው ኢንዶስኮፒ ይባላል። በፊንጢጣ ገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያሳየው ደግሞ ኮሎኖስኮፒ ነው። የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎችን ለመመርመርና ለማከም የሚውል ልዩ ኢንዶስኮፒ፣ እንዲሁም ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ የተገጠመለትና ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን የሚያሳይ ዓይነትም አለ።

የምስል ቴክኖሎጂው እድገት

እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል የሕያው ሰውን ጨጓራ ለማየት ሲሞክር የተጠቀመው ቀጥ ያለና የማይታጠፍ የብረት ቱቦ ነበር። ይህን ቱቦ መዋጥ የቻለውም ጎራዴ በመዋጥ ትርኢት የሚያሳይ ሰው ነበር። በ1932 ሩዶልፍ ሺንድለር በከፊል የሚታጠፍ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1957 ሲሆን፣ ቤዚል ሂርሾዊትዝ በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ብርሃንና ምስልን በቀጫጭን የመስታወት ክሮች የሚያስተላልፍ፣ ሙሉ በሙሉ የሚታጠፍ ኢንዶስኮፕ በመጀመሪያ ራሱ ላይ ሞከረ። በ1983 ካሜራው በቱቦው ጫፍ ላይ ተገጥሞ ምስሉ በስክሪን እንዲታይ የሚያደርገው የቪዲዮ ኢንዶስኮፕ ቀረበ። ከዚያ በፊት ምስሉን የሚያየው ዓይኑን ከመሣሪያው ጋር ያገጠመው ሐኪም ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሕክምና ቡድኑ በሙሉ አብሮ ማየትና ምስሉን ማስቀመጥ ቻለ።

የኢንዶስኮፒ ጥቅም ጎልቶ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የጨጓራ ቁስለት መንስኤ መታወቁ ነው። ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ እንደሚመጣ ይታመን ነበር። አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በኢንዶስኮፒ በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ኤች. ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ። በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መቆጣቱ በኢንዶስኮፒ ተረጋገጠ። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ዛሬ በዚህ ባክቴሪያ የሚመጣ ቁስለት የባክቴሪያ ማጥፊያና የአሲድ መቀነሻ መድኃኒቶችን ለተወሰኑ ቀናት አጣምሮ በመውሰድ ይድናል።

ባለፉት ዓመታት የተጨመሩት ዋና ዋና የምስል ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

• ከፍተኛ ጥራት ያለውና የሚያጎላ ምስል፦ በቀድሞዎቹ ካሜራዎች የማይለዩ ጥቃቅን የገጽታ ለውጦችን ያሳያል።

• በተመረጠ የብርሃን ቀለም መመልከት፦ መሣሪያው ከነጩ ብርሃን ይልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ይጠቀማል። እነዚህን ቀለሞች ደም ስለሚስባቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ጠቆር ብለው ጎልተው ይታያሉ። ካንሰር ሲጀምር የደም ሥሮችን ቅርጽ ስለሚያዛባ፣ ሐኪሙ ናሙና መውሰድ ያለበትን ቦታ ለይቶ ለማወቅ ይረዳዋል።

• በቀለም መርጨት መመልከት፦ በምግብ ቧንቧ ላይ የአዮዲን ውህድ ሲረጭ ጤናማው ክፍል ቡናማ ይሆናል፤ ወደ ካንሰር በመለወጥ ላይ ያለው ክፍል ግን ቀለሙን ስለማይዝ ገርጥቶ ይታያል። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለአዮዲን አለርጂ ያለበት ወይም የታይሮይድ (እንቅርት) ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

• በካፕሱል የሚደረግ ምርመራ፦ ታካሚው ካሜራ ያለበትን እንክብል በውኃ ይውጣል። እንክብሉ በአንጀት ውስጥ እያለፈ በርካታ ሺህ ምስሎችን ወገብ ላይ ወደሚታሰር መቅጃ ይልካል፤ በመጨረሻም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሌላው መሣሪያ በቀላሉ የማይደርስበትን ትንሹን አንጀት ለማየት ይጠቅማል። ሆኖም ናሙና መውሰድ አይችልም፤ አንጀቱ የጠበበ ሰው ላይም ሊቀረቀር ስለሚችል ለሁሉም አይሰጥም።

• በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘ ምርመራ፦ ኮምፒውተሩ በኮሎኖስኮፒ ወቅት ምስሉን እየተከታተለ አጠራጣሪ ቦታ ሲያገኝ ለሐኪሙ ምልክት ያሳያል። በተደረጉ ጥናቶች ይህ ዘዴ የሚገኙትን የፖሊፖች ቁጥር ጨምሯል። ፖሊፑ ምን እንደሆነ የሚወስነውና ውጤቱን የሚያረጋግጠው ግን አሁንም ሐኪሙና የናሙና ምርመራው ናቸው።

እነዚህ ዘዴዎች በሁሉም ሆስፒታል አይገኙም። ይህ ግን ተገልጋዩ ምርመራውን እንዲያዘገይ ምክንያት ሊሆን አይገባም። በመደበኛው ነጭ ብርሃን በጥንቃቄ የተደረገ ኢንዶስኮፒ፣ በቂ ናሙና ከተወሰደ፣ ለአብዛኞቹ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ትኩረት የሚሹ ሕመሞች

የምግብ ቧንቧ ካንሰር በተለይ በአርሲና በባሌ አካባቢዎች በብዛት ይታያል። ምግብ ሲዋጥ ጉሮሮ ወይም ደረት ላይ የመቆም ስሜት፣ በመጀመሪያ በጠጣር ምግብ በኋላም በፈሳሽ መቸገር ዋናው ምልክቱ ነው። ብዙ ታካሚዎች ምግቡን እያላመሙ ወይም ወደ ፈሳሽ እየለወጡ ወራት ካሳለፉ በኋላ ወደ ሕክምና ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ ቧንቧው በእጅጉ ስለሚጠብ የሚቻለው አንዳንዴ ማስፊያ ቱቦ (ስቴንት) በማስገባት ታካሚው መመገብ እንዲችል መርዳት ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ ግን በቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም በኢንዶስኮፒ ብቻ ሊወገድ ይችላል። ትምባሆና አልኮል ለበሽታው ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ ለካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል መሆኑን ገልጿል። ጉዳቱ ከሙቀቱ እንጂ ከቡናው ወይም ከሻዩ ስላልሆነ ጥቂት አቀዝቅዞ መጠጣት በቂ ነው።

ደም ማስታወክ ሌላው ከባድ ምልክት ነው። ቢልሃርዚያ ወይም የጉበት ቫይረስ ጉበትን ሲጎዳ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያሉ የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ሲፈነዱም ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ይከተላል። በኢንዶስኮፒ እነዚህን የደም ሥሮች በትናንሽ የላስቲክ ቀለበቶች በማሰር መድማቱን ማቆምና ዳግም እንዳይከሰት መከላከል ይቻላል።

ምርመራው ለማን ያስፈልጋል?

የማቃጠል ስሜት ያለው ሰው ሁሉ ኢንዶስኮፒ አያስፈልገውም። በወጣትነት ዕድሜ ላይ ያለና የሚከተሉት ምልክቶች የሌሉበት ሰው በሰገራ የኤች. ፓይሎሪ ምርመራ ተደርጎለት ሊታከም ይችላል። ከሚከተሉት አንዱ ያለበት ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

• ለመዋጥ መቸገር ወይም ሲውጡ ሕመም መሰማት
• ደም ማስታወክ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
• ሰገራ ላይ ደም መታየት ወይም ለሳምንታት የቆየ የሰገራ ልማድ መለወጥ
• ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ
• መንስኤው ያልታወቀ የደም ማነስ
• የማያቋርጥ ትውከት
• በቅርብ ቤተሰብ ውስጥ የጨጓራ ወይም የአንጀት ካንሰር መኖር

ደም የሚያስታውክ፣ ወይም ጥቁር ሰገራ ኖሮት የሚያዞረውና ራሱን የሚስት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና መወሰድ አለበት። በሰገራ ላይ የሚታይን ደም ሳያስመረምሩ የኪንታሮት ባህላዊ ሕክምና መጀመር የአንጀት ካንሰርን ሊሸፍን ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ከምርመራው በፊት

ለላይኛው ኢንዶስኮፒ ጨጓራ ባዶ መሆን አለበት። በመደበኛነት ከምርመራው በፊት ለ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ አይበላም፤ ውኃም ቢያንስ በመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት አይጠጣም። ሆስፒታሉ የሚሰጠው ሰዓት ከዚህ ከተለየ እሱን መከተል ያስፈልጋል።

ለኮሎኖስኮፒ አንጀቱ በሚገባ መጽዳት አለበት። ቀደም ባሉት ቀናት ቆሎ፣ ጥራጥሬ፣ ጎመንና ፍሬ ያላቸው ፍራፍሬዎች አይበሉም፤ በዋዜማው ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ እየተወሰደ የታዘዘው የአንጀት ማጽጃ መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይጠጣል። ቀይ ቀለም ያላቸው መጠጦች ደም ስለሚመስሉ አይወሰዱም። አንጀቱ ካልጸዳ እጅግ ዘመናዊ የሆነው ካሜራ እንኳ የሚያየው ሰገራን ብቻ ነው፤ ምርመራውም ሊደገም ይችላል።

መድኃኒትን በሚመለከት ታካሚው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር አለበት። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የአሲድ መቀነሻዎች ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለ4 ሳምንት ያህል ካልተቋረጡ ኤች. ፓይሎሪ እያለ እንደሌለ ሊያሳዩ ይችላሉ። የደም ማቅጠኛ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ በራሱ ማቋረጥ የለበትም። እርግዝና፣ የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም ካለም አስቀድሞ መነገር ይኖርበታል።

በምርመራው ወቅትና በኋላ

ብዙ ሰዎች ትንፋሽ ይታፈናል ብለው ይሰጋሉ። ቱቦው የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ እንጂ በአየር ቧንቧ ስላልሆነ ታካሚው በነጻነት ይተነፍሳል። ጉሮሮው በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ እንደ ሁኔታው የሚያረጋጋ መርፌ ሊሰጥም ይችላል። የላይኛው ኢንዶስኮፒ በአብዛኛው ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ኮሎኖስኮፒ ከዚያ ይረዝማል። ናሙና ሲወሰድ ሕመም አይሰማም።

የሚያረጋጋ መድኃኒት የወሰደ ሰው ቤቱ የሚያደርሰው አዋቂ ሰው ይዞ መምጣት አለበት፤ ለ24 ሰዓትም መኪና ማሽከርከርና ጠቃሚ ሰነድ መፈረም አይኖርበትም። ቀለል ያለ የጉሮሮ መከርከር ወይም የሆድ መነፋት ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። መድማትና የአንጀት መበሳት እምብዛም የማይከሰቱ ጉዳቶች ናቸው፤ ሆኖም ከምርመራው በኋላ ኃይለኛ የሆድ ወይም የደረት ሕመም፣ ትኩሳት፣ ደም ማስታወክ ወይም ብዙ ደም ከታየ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል።

በምርመራው ዕለት የሚሰጠው የጽሑፍ ውጤት ሐኪሙ ያየውን የሚገልጽ ነው። ናሙና ከተወሰደ የመጨረሻው መልስ የሚገኘው ከፓቶሎጂ ክፍል ነው። ውጤቱን ሳይወስዱ መቅረት ምርመራውን እንዳላደረጉ ያህል ስለሆነ የቀጠሮውን ቀን ማክበርና ሁሉንም ወረቀት ማስቀመጥ ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

መነሻው በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ባለሙያው ምርመራው እንደሚያስፈልግ ሲያምን አገልግሎቱ ወደሚሰጥበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ይጽፋል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ አገልግሎቱን ከሚሰጡት መካከል ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት የሪፈራል ሥርዓቱን ጠብቀው መሄድና የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝ ይጠበቅባቸዋል።

ታካሚው ምርመራው ለምን እንደታዘዘለት፣ ምን ዓይነት ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልና ሌላ አማራጭ መኖሩን ጠይቆ የመረዳት፣ ከዚያም ፈቃዱን የመስጠት ወይም የመከልከል መብት አለው። መሣሪያው ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላው ከመሸጋገሩ በፊት በኬሚካል መጽዳቱን መጠየቅም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሐኪሙ የሚያየው ታካሚው በጊዜ ሲመጣ ብቻ ነው። መዋጥ ያስቸገረው ወይም ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ሕመሙን በግምት ስም ሰጥቶ ከመቆየት ይልቅ በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ የመዳን እድሉን ይጨምራል።