ዋጋው ይታወቃል፣ ከፋዩ አይታወቅም፦ የመረጃ ጉዳይ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰሊጥ አጨዳ የሥራ ገበያ

ከሑመራ እስከ መተማ በተዘረጋው ቆላ የሰሊጥ አጨዳ የሚካሄደው በዋናነት በመስከረምና በጥቅምት ነው። ይህ ጊዜ ለደጋው ገበሬ አረሙ ያለቀበት፣ የጤፉ አጨዳ ግን ገና ያልደረሰበት ክፍተት ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋማ አካባቢዎች ብዙ ወጣቶች ወደ ቆላው የሚወርዱት በዚህ ክፍተት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው የተከሰቱት ግጭቶች የፍልሰቱን መጠንና መንገድ ለውጠውታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ሠራተኛውና አሠሪው በምን መንገድ እንደሚገናኙና አንዱ ስለ ሌላው ምን እንደሚያውቅ በማብራራት ላይ ነው።

የገበያውን ጠባይ የሚወስነው በመጀመሪያ ተክሉ ራሱ ነው። የሰሊጥ ፍሬ መያዣ ሲደርቅ ከጫፉ ይከፈትና ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። ስለዚህ ሰብሉ በወቅቱ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮና ቆሞ መድረቅ አለበት። ሰፊ ማሳ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ባለቤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ ከዘገየ ምርቱ መሬት ላይ ይቀራል። የቀን ሒሳቡም ሆነ በሄክታር የሚዋዋሉት የኮንትራት ዋጋ ከሳምንት ሳምንት፣ ከእርሻ እርሻ የሚለያየው ከዚህ የተነሣ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ ስቲግለር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የዋጋ መበታተንን በገበያው ውስጥ ላለው የመረጃ እጥረት መለኪያ አድርጎ ወስዶታል። ይህ አስተያየት ለሰሊጡ ገበያ ይሠራል፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል። ሌላው ግማሽ የተባለው ዋጋ በእርግጥ የሚከፈል መሆን አለመሆኑ ነው።

ግንኙነቱ የሚፈጠረው በከፊል በከተሞቹ ነው፤ ሠራተኞች ማልደው ይሰበሰባሉ፣ የእርሻ ባለቤቶች ወይም ወኪሎቻቸው መኪና ይዘው ይመጣሉ፣ ድርድሩም እዚያው ያልቃል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የካቦው ሚና ነው። ካቦው ብዙውን ጊዜ ከሠራተኞቹ ጋር የአንድ አገር ልጅ ሲሆን ቀደም ባሉት ዓመታት ወርዶ የሠራ፣ ባለቤቱንም የሚያውቅ ሰው ነው። ለባለቤቱ ሠራተኞቹ ሥራውን ሳይጨርሱ እንደማይሄዱ፣ ለሠራተኞቹም ሒሳባቸው እንደማይቀር ዋስ የሚሆን እሱ ነው። ሆኖም ጥቅሙ የሚገኘው ከሁለቱም ወገን ስለሆነ፣ ስለ ውኃው እጥረት ወይም ስለ ማሳው አረም የሚያውቀውን ሁሉ አስቀድሞ የሚናገርበት ምክንያት ጥቂት ነው። ካቦን እንደ አታላይ ብቻ መሣል ግን ስሕተት ይመስለኛል፤ ስሙ ከጠፋ በሚቀጥለው ዓመት የሚከተለው ሰው አያገኝም።

አለመተማመኑ ከሁለቱም ወገን ነው። ባለቤቱ ቀብድ የተቀበለው ሠራተኛ በአጎራባች እርሻ የተሻለ ዋጋ መኖሩን ሲሰማ ሌሊት ይጠፋል ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህ መታወቂያ ይይዛል፣ ክፍያውንም እስከ ሥራው ፍጻሜ ያቆያል። ሠራተኛው በበኩሉ ክፍያው በቆየ መጠን ይጠራጠራል፤ በተጠራጠረም መጠን የመጥፋቱ ነገር ይሰፋል። አንዱ ራሱን ለመጠበቅ የሚወስደው እርምጃ ለሌላው የሥጋት ምልክት ይሆናል ማለት ነው።

የእጅ ስልክ ይህን ይፈታዋል የሚል ግምት አለ። ለግምቱ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ሮበርት ጄንሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሲሆን፣ በሕንድ ኬራላ ስልክ ከገባ በኋላ በዓሣ ገበያዎች መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ዓሣ ግን በዓይን ታይቶ፣ ዋጋው እዚያው ተከፍሎ የሚወሰድ ነው። የአጨዳ ሥራ ዋጋው የሚከፈለው ጉልበቱ ከወጣ በኋላ ነው። በስልክ «ዛሬ እዚህ ይህን ያህል ይከፈላል» ማለት ይቻላል፤ ባለቤቱ አምና ስንቱን በትኖ እንደሸኘ ግን የሚያውቀው አብሮት የሠራ ሰው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባደገበት የደጋ ቀበሌ ከሰሊጥ የተመለሰ ሰው በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስንት ሠራህ?» ተብሎ ሳይሆን «እጅህ ገባ ወይ?» ተብሎ ነው።

የመረጃው መዘግየት ከገንዘብ ያለፈ ዋጋም አለው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በቆላው በመረሬ አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ ሠራተኛውም የሚያድረው አብዛኛውን ጊዜ በማሳው ላይ ነው። የበሽታው ምልክት ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ማለትም ሰውየው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ይታያል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝ በመጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደሆነ ይገመታል። ታማሚው የት ሠርቶ እንደመጣ መጠየቅ ብቻ ምርመራውን ወደ ትክክለኛው መንገድ ሊመራው ይችል ነበር።

ሕጉ ለመረጃው ጉዳይ እንግዳ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በአንድ እርሻ የሚሠራው አጨዳ ግን ከዚህ ጊዜ በፊት ሊያልቅ ይችላል። በሌላ በኩል በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሊጥን ዋጋ በየዕለቱ ለሕዝብ ያሳውቃል፤ ሰሊጡን የሚያጭደው ጉልበት ዋጋም ሆነ የከፋዩ ታሪክ የሚታይበት ሰሌዳ የለም። ቢኖር ደግሞ ቦታው መተማ ወይም ሑመራ መሆን የለበትም። እዚያ የደረሰ ሠራተኛ የመጓጓዣውን ገንዘብ አውጥቷልና የቀረበለትን ከመቀበል በቀር ብዙ ምርጫ የለውም። መዝገቡ መከፈት ያለበት ሠራተኛው በሚነሣበት ወረዳ፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ አምና ሠርተው በተመለሱት ሰዎች ምስክርነት ነው።