ጠበቃና ባለጉዳይ

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው የኖርሁ ብሆንም፥ ትርጉሙ በእውነት የገባኝ ባለፈው ዓመት በአክስቴ ላይ ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው። ስለዚህ የመጽሔታችን አዘጋጆች ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ጠበቃ ሥራውን ሲያጎድል ባለጉዳዩ ምን መብት እንዳለው የተማርሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህሮቼና ለወላጆች መግለጽ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

አክስቴ በአዲስ አበባ የምትኖር፥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከቤቷ አጥር ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ሱቅ በመንገድ ዳር ነበረቻት፤ በኪራይዋም ሁለት ልጆቿን ታስተምር ነበር። የሟቹ ባሏ ወንድም «ሱቂቱ የእኔ ናት» ብሎ ከሰሳት። እርስዋም ጠበቃ ያዘች፤ ውክልናም ሰጠችው። ክርክሩ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፥ ጥቅምት 12 ቀን ፍርድ ቤቱ በእርስዋ ላይ ፈረደ። ጠበቃውም «እማማ፥ አይዘኑ፤ ይግባኝ እንላለን» ብሎ ለይግባኙ የሚሆን ገንዘብ ተቀበላት።

አክስቴ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ወረቀቷን ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። የውሳኔውንም ግልባጭ ያነበብሁላት እኔ ነበርሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ወደ ጠበቃው ቢሮ አብሬያት ሄጃለሁ። ሁልጊዜ የሚሰጠን መልስ «ይግባኙ ገብቷል፤ ቀጠሮ እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ነበር። እኔም የተማረ ሰው የተናገረውን መጠራጠር ነውር መስሎኝ የመዝገቡን ቁጥር እንኳ አልጠየቅሁም። በየካቲት ወር ግን ሱቂቱን እንድታስረክብ የአፈጻጸም መጥሪያ ደረሳት። ደንግጠን ወደ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ ስሟን ፈልጋ ፈልጋ «በዚህ ስም የተከፈተ ይግባኝ የለም» አለችን። አክስቴ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና «የተማረ ሰው እንዲህ ይዋሻል ብዬ አላሰብሁም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ነገሩ እንዴት እንደ ጠፋ ለመረዳት ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1958 ዓ.ም. የወጣ ነው። በዚሁ ሕግ ቁጥር 323 መሠረት የይግባኝ ማመልከቻ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፥ ጳጉሜን በመካከል ካልገባች 60 ቀን ማለት ልክ ሁለት ወር ነው። ስለዚህ ጥቅምት 12 ቀን ለተፈረደው ፍርድ ጊዜው ታኅሣሥ 12 ቀን አለቀ። ይህን ለመቁጠር የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። እኔ ግን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ሳለሁ፥ ግልባጩም በእጄ ላይ ሳለ፥ አልቆጠርሁትም።

ጊዜው ካለፈ በኋላም ቢሆን በቂ ምክንያት ያለው ሰው ይግባኙ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ነገር ግን የዚሁ ሕግ ቁጥር 326 የወኪል ወይም የጠበቃ ጉድለት እንደ በቂ ምክንያት እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ይህን በመጀመሪያ ስሰማ ግፍ መሰለኝ። በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ አንድ ባለሙያ ዘንድ በሄድን ጊዜ ግን ምክንያቱን አስረዳን። ወኪል በወካዩ ስም የቆመ ሰው ነው፤ የሠራው ለወካዩ እንደሚጠቅመው ሁሉ፥ ያጎደለውም በወካዩ ላይ ይቆጠራል። ደግሞም የረታው ወገን ክርክሩ ያበቃበትን ቀን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ማንም «ጠበቃዬ ረሳው» እያለ ሙግቱን ለዘለዓለም ያስቀጥለው ነበር። ስለዚህ የጠበቃው ጥፋት የጠፋውን ክርክር አይመልስም። የባለጉዳዩ መብት የሚዞረው ወደ ራሱ ወደ ጠበቃው ነው።

ለመሆኑ የጠበቃ ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው? በሙግት መረታት ብቻውን ጥፋት አይደለም። በእያንዳንዱ ክርክር ሁለት ወገን ስላለ፥ ከሁለቱ ጠበቆች አንዱ በቅን ልቡና ደክሞ መረታቱ አይቀርም። ሐኪም በሽተኛውን ሁሉ ለማዳን ቃል እንደማይገባ፥ ጠበቃም ቃል የሚገባው ለትጋቱና ለታማኝነቱ እንጂ ለድሉ አይደለም። ይልቁንም «ያለ ጥርጥር እረታልሃለሁ» የሚል ጠበቃ ቢገኝ መጠርጠር የሚገባው እርሱን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ሲናገር፥ ከቁጥር 2208 ጀምሮ የወኪልን ግዴታ ይዘረዝራል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን፥ የወካዩን ጥቅም ብቻ መመልከት፥ በወካዩ ስም ስለተቀበለው ገንዘብ ሒሳብ ማቅረብ፥ ሥራውንም እንደ መልካም የቤተ ሰብ አባት በጥንቃቄ መፈጸም አለበት። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2031 ደግሞ በሙያ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ያዛል። በዚህ ሚዛን ስንመለከተው፥ የይግባኝን ጊዜ ማሳለፍ፥ ያለ በቂ ምክንያት ከቀጠሮ መቅረት፥ ከባላጋራ ጋር በምስጢር መወዳጀት፥ የባለጉዳይን ገንዘብ ለራስ ማድረግ፥ ይህ ሁሉ ጥፋት ነው። እንደዚሁም በቁጥር 2205 መሠረት ጠበቃ ልዩ ሥልጣን ሳይሰጠው ክርክሩን በእርቅ መጨረስ አይችልም። የባለጉዳዩን ምስጢር ማውጣት ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 399 ያስቀጣል።

እንግዲህ ባለጉዳዩ ምን ማድረግ ይችላል? መብቶቹን እንደ ቅደም ተከተላቸው ልግለጽ።

መጀመሪያው የማወቅ መብት ነው። ባለጉዳይ ጉዳዩ ከምን እንደ ደረሰ በማናቸውም ጊዜ ጠበቃውን መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ ስድብ አይደለም። ይግባኝ ሲከፈት የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል፤ የዳኝነት ገንዘብ ሲከፈልም ደረሰኝ ይቆረጣል። «ገብቷል» የሚል ቃል ብቻ ሰምተን ተመለስን እንጂ፥ ቁጥሩንና ደረሰኙን ብንጠይቅ ኖሮ እውነቱን በኅዳር ወር እናውቀው ነበር።

ሁለተኛው ጠበቃውን የማሰናበት መብት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226 መሠረት ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻርና የውክልናውን ወረቀት እንዲመልስለት ወኪሉን መጠየቅ ይችላል። ነገር ግን በቃል «ትቼሃለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ውክልናው የተሰጠው በውልና ማስረጃ ከሆነ መሻሪያውም እዚያው ቢመዘገብ፥ ለጠበቃው፥ ለፍርድ ቤቱና ለባላጋራው ደግሞ በጽሑፍ ቢነገር መልካም ነው። ጠበቃው በሚገባ ለሠራው ሥራ የድካሙን ዋጋ መክፈል ግን የባለጉዳዩ ግዴታ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው አቤት የማለት መብት ነው። ጠበቃ በፈቃድ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙትን ጠበቆች የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1249 በ2013 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ጥፋት ያየ ሰው ፈቃዱን በሚቆጣጠረው ክፍል የዲሲፕሊን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ፈቃድን እስከ መሰረዝ ሊደርስ ይችላል። ዳሩ ግን ይህ መንገድ ጠበቃውን ለማረም ነው እንጂ የጠፋውን ሀብት ለመመለስ አይደለም።

አራተኛው ካሳ የመጠየቅ መብት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ከሳሹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ጠበቃው እንዳጠፋ፥ እርሱም እንደ ተጎዳ፥ ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ጥፋት እንደ ሆነ። በአክስቴ ጉዳይ የፊተኛው ቀላል ነው፤ ቀኑ ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን «ይግባኙ በጊዜው ቢገባ ኖሮ ትረታ ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያለዚያ ሱቂቱ የጠፋችው በጠበቃው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዳኛው ከዚህኛው ክርክር ውስጥ ሆኖ ያንን ያልተሰማ ክርክር መመርመር ግድ ይሆንበታል። አማካሪያችንም ይህን ሳይደብቅ ነገረን። በመዝገቡ ውስጥ በሚገባ ያልተመረመረ አንድ የውል ወረቀት ስለ ነበረ ተስፋ እንዳለ፥ ነገር ግን እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ገለጸልን። ጠበቃው ገንዘብ አታልሎ የወሰደ እንደ ሆነም ነገሩ ወደ ወንጀል ሊያልፍ ስለሚችል ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል።

አክስቴ ግን ለአቤቱታው በቶሎ እሺ አላለችም። «ልጄ፥ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ከተማረ ሰው ጋር አታጣላኝ» አለችኝ። ይህ ቃል ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ። ምክንያቱም እርስዋ የፈራችው ጠበቃውን ሳይሆን ትምህርትን ነው። እኔም ትምህርት ቤት የምመላለሰው ሰው እንዲፈራኝ ከሆነ ምን ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። በመጨረሻ «አክስቴ፥ ለእኛ ባይሆን ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ይሁን» ብዬ ለመንኋት። እርስዋ እየተናገረች እኔ ጻፍሁ፤ የተከፈለውን ገንዘብ ደረሰኝ፥ የውሳኔውን ግልባጭ፥ ከመዝገብ ቤት ያገኘነውን ማስረጃ አያይዘን አቀረብን። በጣቷ ፈረመች።

ጠበቃውም አቤቱታው መቅረቡን እንደ ሰማ ለይግባኙ የተቀበለውን ገንዘብ መለሰ። አቤቱታው ግን ገና በመታየት ላይ ነው። ሱቂቱ ተላልፋለች። አክስቴ አሁን በግቢዋ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች፤ ታላቂቱ ልጇም ከትምህርት በኋላ ታግዛታለች። ካሳውን ለመጠየቅ ወይም ለመተው ገና እየመከርን ነው።

ይህን የጻፍሁት ጠበቆችን ለመንቀፍ አይደለም። «ጠበቃ» የሚለው ስም ራሱ «ጠበቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ብዙዎቹም ስማቸውን ጠብቀው ይኖራሉ። እኛን በነፃ የመከረንም ባለሙያ ከዚሁ ሙያ የተገኘ ነው። ነገር ግን ጠባቂ የተቀጠረለት ሰው ንብረቱን ጨርሶ አይረሳም።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፥ ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱን እዩ፤ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ዋናውን ሰነድ በቤታችሁ አስቀምጣችሁ ግልባጩን ስጡ። እናንተም ጓደኞቼ፥ ለእናቶቻችሁና ለአያቶቻችሁ ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ስታነቡ፥ ቃሉን ብቻ አንብባችሁ አትተዉ፤ ቀኑን ቁጠሩ። እኔ አሁን በአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ቀጠሮዎቿን ሁሉ በቀይ ቀለም እከብባለሁ። እርስዋ ፊደል ባትለይም ቀዩን ክብ ታውቃለች፤ ቀኑም ሲቃረብ «ልጄ፥ ደረሰ እኮ» ትለኛለች።