ሟች ሕዋስ ከጎረቤቶቹ መካከል እንዴት ይወጣል?

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። ከእነዚህም መካከል አንጀትንና የአየር ቧንቧን ከውስጥ የሚሸፍኑት እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ግድግዳ የቆሙ ናቸው። ይህም ሽፋን ኤፒተልየም ይባላል። እኔ ላስረዳችሁ የፈለግሁት ከዚህ ግድግዳ አንዱ ሕዋስ ሲሞት የሚሆነውን ነው።

የአንጀታችን ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው ከ3 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። ስለዚህ በየደቂቃው ብዙ ሕዋሳት ይሰናበታሉ። ከድንጋይ ካብ አንዱ ድንጋይ ቢመዘዝ ቀዳዳ ይቀራል፤ በአንጀትም እንዲሁ ቢሆን ኖሮ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ወደ ሰውነታችን ዘልቀው በገቡ ነበር።

ታዲያ ይህ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው? በሰው ልማድ መርዶ የሚያረዳው ሌላ ሰው ነው፤ በሕዋስ ዘንድ ግን ሟቹ ራሱ ነው። ለመሞት የተቃረበው ሕዋስ ስፊንጎሲን 1 ፎስፌት የሚባል የቅባት ዓይነት ያመነጫል። ጎረቤቶቹም ይህን መልእክት ሲቀበሉ፣ ጡንቻን የሚያኮማትሩትን አክቲንና ማዮሲን የተባሉትን ፕሮቲኖች በሟቹ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያሰናዳሉ። ቀለበቱ ከሥር እየጠበበ ሲሄድ ሟቹ ተገፍቶ ይወጣል፤ ጎረቤቶቹም ወዲያው ተጠጋግተው ቦታውን ይይዛሉ። በዚህም አኳኋን ግድግዳው ሳይከፈት ሟቹ ይሸኛል። ይህን የመግፋት ሥራ ጆዲ ሮዘንብላት የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ገለጹ። በ2012 ደግሞ ሕዋሳት እጅግ ሲጨናነቁ፣ ገና በሕይወት ያሉትም ተገፍተው እንደሚወጡና በኋላ እንደሚሞቱ አስረዱ። የሕዋሳት ቁጥር ከልክ እንዳያልፍ የሚጠበቀውም በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መልካም ሥራም ልኩን ሲያልፍ ይጎዳል። አስም በተነሣ ጊዜ የአየር ቧንቧ ይኮማተራል፤ ሕዋሳቱም ይጨናነቁና ከመጠን በላይ ተገፍተው ይወጣሉ። ያን ጊዜ ግድግዳው ይቆስላል፤ ብግነትና አክታም ይከተላል። በ2024 የወጣው የእነዚሁ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ቧንቧውን የሚያላላው መድኃኒት ትንፋሽን ቢመልስም ይህን ጉዳት አላስቀረም። ሕዋሳቱን የሚያስወጣው መልእክት ሲታገድ ግን ጉዳቱ ቀርቷል።

እንግዲህ አስም ያለበት ወንድም፣ እኅት ወይም ጓደኛ ያለን ሁሉ፣ ትንፋሹ ስለ ተመለሰ ብቻ «ድኗል» ብለን ሐኪም ከማሳየት አንቦዝን። በዓይን የማይታየው ግድግዳ ገና አልጠገገ ይሆናልና።