ተጨማሪ መረጃ፦ በቺፕውድ ውስጥ የሚታመቀው እንፋሎት

ቺፕውድ የሚሠራው ሙጫ የተረጨበት የእንጨት ስብርባሪ ከተነጠፈ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋሉ ሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል በመጨመቅ ነው። ስብርባሪው ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ጥቂት እርጥበት ስለሚቀር፣ ብረቱን በሚነካው ገጽ ላይ ያለው ውሃ ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ቀዝቃዛው መሃል ይገፋል፤ እዚያም እንደገና ውሃ እየሆነ የያዘውን ሙቀት ያስረክባል። እንጨት ሙቀትን የሚያስተላልፈው በዝግታ በመሆኑ፣ ያለዚህ እንፋሎት የመሃሉ ሙጫ በአጭር ጊዜ ሊጠነክር ባልቻለ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው መሃሉ ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። እንፋሎቱ መውጫ የሚያገኘው በጠርዞቹ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ ቺፕውዱ ሰፊና በጣም የታመቀ ሲሆን ግፊቱ በመሃል ይጠራቀማል፤ ለምሳሌ በ120 ዲግሪ ከውሃ ጋር አብሮ የሚገኝ እንፋሎት ግፊቱ 2 ባር ገደማ፣ ማለትም በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሙጫው በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ ሰሌዳዎቹ በድንገት ከተከፈቱ፣ ይህ ግፊት ቺፕውዱን ከመሃሉ ይሰነጥቀዋል ወይም ገጹን ያሳብጠዋል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሥራው ይፋጠናል የሚለው አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ብቻ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ግፊቱን ለመለካት ቀጭን የብረት ቱቦ በንጣፉ መሃል ተቀብሮ ከመለኪያ ጋር ይያያዛል፤ ሰሌዳዎቹም በአንድ ጊዜ ከመላቀቅ ይልቅ እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ቀስ በቀስ እንዲላሉ ይደረጋል።