ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ዳኛ፦ ስለ አሜሪካ የዳኞች ምርጫ ተረትና እውነታ

ጎረቤቴ ጋሼ ከቡና በኋላ መነጽራቸውን አድርገው በፖስታ የመጣላቸውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ለኮንግረስና ለግዛቱ ምክር ቤት ከሚወዳደሩት ስሞች አጠገብ ያለችውን ሞላላ ክብ በጥቁር እስክሪብቶ እየሞሉ ወረዱ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። «የሲያትል ሚዩኒሲፓል ኮርት ዳኛ» ይላል።

«ዳኛ ይሾማል እንጂ ይመረጣል እንዴ?» አሉ።

«እዚህማ ይመረጣል፣ አባዬ» አለች ልጃቸው።

«እንግዲያው ሰውየውን አላውቀውም፤ ይቅርብኝ» ብለው ወረቀቱን አጠፉት።

እንደ ጋሼ የሚያደርገው ብዙ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ልንቆምበት ከምንችለው ችሎት ሁሉ ቅርብ የሆነውን ነው ባዶ ትተን የምናልፈው። ጥፋቱ የስንፍና ብቻ አይደለም፤ ቡና ላይ የምንቀባበላቸው ተረቶችም አሉበት።

ተረት 1፦ «ዳኛ ይሾማል እንጂ አይመረጥም»

እውነታው፦ ይህ ለፌዴራል ዳኞች ይሠራል። እነሱን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ የሥራ ዘመናቸውም ገደብ የለውም። የግዛት ዳኞች ነገር ሌላ ነው። ሚሲሲፒ በ1832 ዳኞቿን በሙሉ በሕዝብ ድምፅ በማስመረጥ የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ዛሬ ከ35 የሚበልጡ ግዛቶች ቢያንስ የተወሰኑ ዳኞቻቸውን መራጭ ፊት ያቀርባሉ፤ አንዳንዶቹ ከተቀናቃኝ ጋር ያወዳድሯቸዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ «ይህ ዳኛ በሥራው ይቀጥል ወይስ አይቀጥል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ነገሩ ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም። አገር ቤት የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢሆንም፣ የዕድሩን ዳኛ ግን አባላቱ ተሰብስበው ይመርጡታል። ልዩነቱ የዕድሩን ዳኛ ሰርግም ለቅሶም ላይ እናውቀዋለን፤ የከተማውን ዳኛ ማወቅ ግን ትንሽ ድካም ይጠይቃል።

ተረት 2፦ «አሜሪካ አንድ አገር ነው፤ አሠራሩም አንድ ነው»

እውነታው፦ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው አካባቢዎች ሦስቱን እንይ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የአካባቢውን ዳኞች የሚያጨው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ ነዋሪው በዳኛ ምርጫ ድምፅ አይሰጥም። ድንበሩን ተሻግረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሱ፣ ማለትም ሜሪላንድ ሲገቡ፣ የሰርኪዩት ኮርት ዳኛን መጀመሪያ ገዥው ይሾመዋል፤ ከዚያ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ካሸነፈ 15 ዓመት ያገለግላል። እዚያው ሜሪላንድ የትራፊክ ቲኬትና የቤት ኪራይ ክርክር የሚያየው የዲስትሪክት ኮርት ዳኛ ግን አይመረጥም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲደርሱ ዳኞችን የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ነው።

ታዲያ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የፍርድ ቤት ነገር አይመለከተውም ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ዐቃቤ ሕጉንና ሸሪፉን በየ4 ዓመቱ፣ የሰርኪዩት ኮርቱን ዋና ጸሐፊ ደግሞ በየ8 ዓመቱ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። የትኛው ክስ ይመሥረት፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው ዐቃቤ ሕጉ መሆኑን አንርሳ። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «እኔ በምኖርበት አድራሻ እንዴት ነው?» ማለት ይሻላል።

ተረት 3፦ «የከተማ ፍርድ ቤት የፓርኪንግ ቅጣት ማያ ነው»

እውነታው፦ ከተረቶቹ ሁሉ ጎጂው ይህ ነው። የሲያትል ሚዩኒሲፓል ኮርት በየ4 ዓመቱ የሚመረጡ 7 ዳኞች አሉት። እርግጥ የፓርኪንግና የትራፊክ ቅጣት ያያል። ግን ጠጥቶ መንዳት፣ ከሱቅ ዕቃ አንስቶ መውጣት፣ በቤት ውስጥ ጠብ እጅ ማንሣትም እዚያው ይታያሉ። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከቀላል ወንጀሎች ከበድ ለሚለው ለግሮስ ሚስዲሚነር ጣሪያው 364 ቀን እስርና 5,000 ዶላር ቅጣት ነው።

ለምን 364? ጣሪያው ቀድሞ ሙሉ ዓመት ነበር። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ «አንድ ዓመት» ከባድ መስመር ነው፤ ለአንዳንድ ጥፋቶች ቅጣቱ እዚያ መድረሱ፣ አንዳንዴም ሊደርስ መቻሉ ብቻ፣ ባለ ግሪን ካርዱን ከአገር እስከማስባረር ይደርሳል። የግዛቱ ምክር ቤት በ2011 አንዲት ቀን የቀነሰው ለዚህ ነው። ሕጉን ያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ ከዚያች ጣሪያ በታች ሰውየው ይታሰር፣ ይቀጣ ወይስ በገደብ ይለቀቅ የሚለውን የሚወስነው ግን ጋሼ ባዶ የተዉት መስመር ላይ ስሙ የተጻፈው ዳኛ ነው። ነግ በእኔ ማለት እዚህ ላይ ነው።

ተረት 4፦ «ካስመረጥነው ጉዳያችንን ያይልናል»

እውነታው፦ ይህን ተስፋ ይዞ የሚመርጥ ሰው ያዝናል። የምክር ቤት አባል «ይህን አደርግላችኋለሁ» ብሎ ቃል መግባት ይችላል፤ ዳኛ ግን ያልሰማውን ክርክር እንዴት እንደሚፈርድ አስቀድሞ ቃል ቢገባ የሥነ ምግባር ደንብ ይጥሳል። ባለጉዳይም ሌላው ወገን በሌለበት ዳኛውን ስለ መዝገቡ ማነጋገር አይችልም።

ውለታ የት እንደሚያደርስ የዌስት ቨርጂኒያ ታሪክ ያሳያል። በ2004 አንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ኃላፊ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚወዳደር ሰው እንዲያሸንፍ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ይግባኝ ሊል ነበር። ሰውየው አሸነፈ፤ ከችሎቱ ተነሣ ሲባልም እምቢ አለ፤ ኩባንያውም ተፈረደለት። በ2009 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ይህ ዳኛ ከዚህ መዝገብ መነሣት ነበረበት» ሲል ወሰነ። ምርጫ የዳኝነቱን ወንበር ይሰጣል እንጂ ፍርድ አያስገዛም።

ተረት 5፦ «ፓርቲውን አይቶ መምረጥ ነው»

እውነታው፦ ቴክሳስ ውስጥ በብዙ የዳኞች ምርጫ ከስሙ ጎን ፓርቲው ይጻፋል። ዋሽንግተን ግዛት ላይ ግን አይጻፍም። በሜሪላንድ የሰርኪዩት ኮርት ተወዳዳሪ በሁለቱም ፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ ላይ ስሙን ማስገባት ስለሚችል ፓርቲ ፈልጎ የሚመርጥ ሰው ግራ ይገባዋል።

ተረት 6፦ «የከተማ ምርጫ ስለሆነ በግሪን ካርድም ይቻላል»

እውነታው፦ ተረቱ ከምንም አልተነሣም። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት እንዲመርጡ ይፈቅዳሉ፤ ታኮማ ፓርክ ይህን ከጀመረች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። የሰርኪዩት ኮርት ዳኛ ግን የሚመረጠው በግዛቱ ወረቀት ነው፤ እዚያ ላይ ዜግነት ግድ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ በሚቀርብልዎት የመራጭነት ምዝገባ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ በስህተት ምልክት ማድረግ እንኳ የዜግነት ማመልከቻን ሊያበላሽ ይችላል። ያልተረዱትን ቅጽ ሳያስነብቡ አይፈርሙ።

ተረት 7፦ «የማላውቀውን ባዶ ከተውኩ ወረቀቱ ይበላሻል»

እውነታው፦ አይበላሽም። ሌላው ድምፅዎ ሁሉ ይቆጠራል። አንድ ስም ብቻ ካለም መተው ነውር አይደለም። የሚያስቆጨው ሁለት ስም እያለ «አላውቃቸውም» ብሎ ማለፍ ነው፤ ምክንያቱም ማወቅ ይቻላል። በዋሽንግተን ግዛት ለመራጩ የሚላከው መጽሔት የተወዳዳሪዎቹን የሥራ ታሪክ ይዞ ይመጣል። የኪንግ ካውንቲ የጠበቆች ማኅበር ደግሞ ተወዳዳሪዎችን ጠይቆና መርምሮ «እጅግ ብቁ» ከሚለው ጀምሮ «ብቁ አይደለም» እስከሚለው ደረጃ ይሰጣቸዋል። ወረቀቱ ቤት የሚደርሰው ከምርጫው ቀን ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ነው፤ ለሁለት ስም የሚሆን ጊዜ አይጠፋም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዓይን ማየት ነው። ችሎት ለማንም ክፍት ነው፤ ጉዳይ አያስፈልግም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። ዳኛው እንደገና የሚወዳደር ከሆነ፣ አንድ ጠዋት በአምስተኛው ጎዳና ካለው የሲያትል ሚዩኒሲፓል ኮርት ሕንፃ ገብቶ፣ ፍተሻውን አልፎ፣ የኋላው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ከአስተርጓሚ ጋር ሲቀርብ ዳኛውን ልብ ይበሉ። አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ይጠብቃል ወይስ ያቋርጠዋል? ተከሳሹ ነገሩ ሳይገባው አንገቱን ሲነቀንቅ «ገብቶሃል?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል ወይስ ቀጣዩን መዝገብ ይጠራል?

ዕድር ላይ ዳኛ የምንመርጠውም እንዲህ ባለው ነገር ነበር።